ጣዎስ የለበሰው ኮምፒውተር

[ጋምቤላ ክልል በሆነ በሦስተኛው ዓመት፣ የመጋቢት ሙቀት። ያኔ በከተማው ኮምፒውተር እንደ ሩቅ አገር እንግዳ ነበር፤ ሰው ጫማውን አራግፎ ነበር ወደ ክፍሉ የሚገባው። የዚህ ቢሮ ኮምፒውተር ከላይ እስከ ታች ዳንቴል ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ፊቱ ብቻ ይታያል። ከደጋ የመጣው ባለሙያ አሸብር ሱፍ ኮቱን ቆልፎ ፊቱ ተቀምጧል። የጽዳት ሠራተኛዋ አጅዋንግ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማለች፤ ልቧ ግን አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ነው። አሸብር የሚጽፈው፣ ለነርስ ትምህርት የተመረጡት ልጆች ስም ዝርዝር በዛሬው አውሮፕላን ካልሄደ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የልጇ የአቢጋኤል ስም መጨረሻ ላይ ነው፣ ሠላሳ አንደኛ።]

አሸብር፦ ጣዎሶቹን ዘቅዝቀሽ ነው ያለበስሽው። ባለቤቴ ሁለት ሁዳዴ የፈጀችበት ዳንቴል ነው። ጣዎስ በጭንቅላቱ ይቆማል?

አጅዋንግ፦ ማልበሴ አልነበረም። ላወልቅ ስገለብጠው ነው የያዙኝ።

አሸብር፦ ይባስ። ራቁቱን አቧራ ልታጠጪው?

አጅዋንግ፦ ፊደሉ ግን ቆሟል፣ አቶ አሸብር።

አሸብር፦ [ቁልፎቹን ይደበድባል] ደረቀ። አራተኛ ጊዜው። የት ደርሼ ነበር?

አጅዋንግ፦ ሃያ ሰባት። ቅድም ሃያ ስድስት ነበር። የኔ ልጅ ሠላሳ አንድ ናት።

አሸብር፦ ኮምፒውተሩ ልጅሽን ያውቃታል? ስም እየመረጠ አይደርቅም።

አጅዋንግ፦ የጻፉትን እያስቀመጡ ቢሄዱስ? ታይፒስቷ ኛኪየር በየመስመሩ ሴቭ ይደረግ ትላለች።

አሸብር፦ ሴቭ የሚያደርግ በራሱ የማይተማመን ነው።

አጅዋንግ፦ እንግዲያው እሷ በታይፕ ትምታው።

አሸብር፦ ክልል ሆነን በታይፕ? አዲስ አበባ ምን ይለናል? [አጥፍቶ ያበራዋል] ስሚ፣ እኔ ሦስት ሳምንት ኮርስ የወሰድኩ ሰው ነኝ። ሕመሙንም በየቀኑ መዝግቤዋለሁ። [ደብተር ይገልጣል] ሰኞ ሦስት ጊዜ፣ ማክሰኞ አምስት፣ ረቡዕ አራት። ዓርብ ባዶ። ይሄ ቫይረስ ነው፤ ዓርብ ዓርብ የሚያርፍ ቫይረስ።

አጅዋንግ፦ ዓርብማ እኔ...

አሸብር፦ አንቺ ምን? አንቺ ዓርብ ይህን ዳንቴል ከማጠብ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?

አጅዋንግ፦ እሱን ልል ነበር።

[እጇን በዳንቴሉ ሥር ሰዳ የማሽኑን ጀርባ ዳሰሰች። የስንት ልጅ ግንባር የዳሰሰ እጅ ነው።]

አጅዋንግ፦ ትኩሳት አለው።

አሸብር፦ ወባ ይዞታል በይኛ። ክኒኑን በምኑ ይዋጥ፣ በዲስኬት ማስገቢያው?

አጅዋንግ፦ እኛ ያተኮሰውን ልጅ ልብሱን ነው የምናወልቅለት። ይሄም ጀርባው ላይ መተንፈሻ አለው፤ ጣዎሶቹ አፍነውታል።

አሸብር፦ [ዳንቴሉን ይበልጥ እያጠበቀ] የዓሣ ነገር ቢሆን አንቺን እጠይቅ ነበር።

አጅዋንግ፦ ዓሣም ተሸፍኖ ከዋለ ይሸታል። እርስዎስ ኮቱን ቢያወልቁ? ላብዎ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

አሸብር፦ ባለሙያ ያለ ኮት ባለሙያ አይባልም። እዚህ አገር ሰው ሁሉ በሸሚዝ ስለሚዞር ነው ሥራ የማይሠራው።

[አሸብር ከአንድ ጀምሮ እየመታ ሃያ አምስት ሲደርስ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ሹፌሩ ኦጁሉ ከደጅ ጥሩምባ ነፋ።]

አሸብር፦ አሁን ተመልከቺና ተማሪ። ሃያ ስድስት... ሃያ ሰባት... ቫይረስ ማለት፣ አጅዋንግ፣ ቫይረስ ማለት...

[ፊደሉ ሃያ ስምንት ላይ ቆመ። አሸብርም አፉን እንደከፈተ ቆመ፤ ዓይኑ ፈጦ፣ ጣቱ አየር ላይ ቀርቷል። አጅዋንግ አንዴ እሱን፣ አንዴ ማሽኑን አየች። ነፍስ ያለውን ማስቀደም ደግ ነው ብላ ኮቱን ገፈፈችው፤ አንድ አዝራር ተበጥሶ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ውኃ ራሱ ላይ አፈሰሰችበት። ከዚያ ማሽኑን አጠፋች፣ ዳንቴሉን ገፈፈች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ጀርባውን በካርቶን አራገበችለት። ኮቱንና ዳንቴሉን ጎን ለጎን ሚስማር ላይ ሰቀለቻቸው።]

አሸብር፦ ...ማለት... የት ደረስኩ?

አጅዋንግ፦ መጀመሪያው ላይ። ይክፈቱት። እኔ ስሙን እጠራለሁ፣ እርስዎ ይምቱ።

አሸብር፦ ማንበብ ትችያለሽ እንዴ?

አጅዋንግ፦ ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ሰርተፊኬት በየጠዋቱ ስወለውል አነበዋለሁ። «ተከታትሏል» ነው የሚለው። «አልፏል» አይልም።

[አሸብር አቀርቅሮ መታ። እሷ ትጠራለች፣ እሱ ይመታል። ሃያ ስምንት አለፈ። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ።]

አጅዋንግ፦ ሠላሳ አንድ። አቢጋኤል። እሷን ቀስ ብለው ይጻፏት።

[ፕሪንተሩ እየጮኸ ወረቀቱን ተፋ። አጅዋንግ በመስኮት ለኦጁሉ አቀበለችው፤ መኪናው አቧራው ውስጥ እስኪጠፋ እዚያው ቆማ ቀረች። ልጅ የምትሸኝ እንጂ ወረቀት የላከች አትመስልም።]

አሸብር፦ [ጸጉሩን እያራገፈ] አየሽ? ትዕግሥት ነው ነገሩ። ዝም ብዬ ስጠብቀው ቫይረሱ ለቆ ሄደ።

አጅዋንግ፦ አልሄደም። ሁለቱም ሚስማሩ ላይ ናቸው።

አሸብር፦ ሁለት ነበሩ?

አጅዋንግ፦ አዎ። አንዱ ጣዎስ አለበት፤ ሌላው አዝራር ይጎድለዋል።