ሦስተኛው ጥቅል

በየከተማው «ትንሽ ነው የቀረው» የሚል አንድ ሰው አለ። ይህን ሰው አላውቀውም የሚል አንባቢ ካለ ወይ ጎረቤት የለውም፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው። ግቢው ውስጥ የተፈታ ሞተር፣ አልጋው ሥር የተጠቀለለ ሽቦ አይጠፋም። ሚስቱ ማንቆርቆሪያዋን ስትፈልግ የአንድ ማሽን ጭስ ማውጫ ሆኖ ታገኘዋለች። ምን እየሠራህ ነው ብትሉት ቀና ሳይል «ትንሽ ነው የቀረው» ይላችኋል። ዓመት ቆይታችሁ ብትመለሱ የቀረችው ያችው ትንሽ ናት።

የእኛ የናዝሬቶቹ ክቡር ኢንጂነር ነገሪ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ የሰፈሩ ሰዎች ነን፤ የሰጠነውም ለማሾፍ ነበር። ያኔ እኔ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበርኩ፤ ይኸውም ማኅተሙ ሊቀመንበሩ ኪስ፣ ቀለሙ እኔ ጣት ላይ ማለት ነው። አንድ ቀን ነገሪ እጁ በግራሶ እንደተለወሰ ቢሮዬ ገባ።

«ጸሐፊ፣ ሲኒማ ለምን ወደ ሰው አይሄድም?»

«ሰው ወደ ሲኒማ ይሄዳላ!»

«የአዳሚ ቱሉ ሰው ፊልም ለማየት ናዝሬት ድረስ ይምጣ?»

«ይምጣ፤ ምን ቸገረው?»

«ላሙንስ አንተ ታልብለታለህ?»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ከተዘጋ የኩባንያ ክበብ አሮጌ የፊልም ማሳያ ገዛ። የመስኖ ፓምፕ ሞተር ፈትቶ ጄኔሬተር አደረገው። ሎሚ የምትባለው ሚስቱ አቡጀዲድ ሰፍታ ሸራ አወጣችለት። ከዚያ ያንን ሁሉ ዕቃ አራት ሳጥን ውስጥ ከተተና እህል ተራ ወስዶ አስመዘነ። አንደኛው ሳጥን ከሌሎቹ ሦስት ኪሎ ስለበለጠ እንደገና ፈትቶ ሠራው።

«ለሦስት ኪሎ?» አልኩት።

«ከመኪና ሲወርድ አህያ ላይ ነው የሚጫነው። አህያው ከበደኝ ብሎ ቢተኛ ጥፋቱ የኔ እንጂ የአህያው አይደለም።»

ሁለት ዓመት ፈጀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ትንሽ ነበር የቀረው። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ግን ሳጥኖቹን እህል ጫኝ መኪና ላይ ጫነና «ተነሥ፣ አርሲ ነገሌ እንሂድ» አለኝ። ሲዋረድ ማየት አለብኝ ብዬ ሄድኩ፤ ይህን ኃጢአቴን ዛሬ ነው የምናዘዘው።

ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ ፊልም ማሳየት አይታሰብም። ክቡር ኢንጂነሩ ይህንንም አስቦበት ኖሯል። ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እህል መጋዘን ተከራየ። ካመጣው እስር ጆንያ እየመዘዘ መስኮቱንና ቀዳዳውን ሁሉ ደፈነ። «ጨለማዬን ይዤ ነው የምዞረው» አለኝ። ሰዉ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ሦስተኛው ላይ ተነሣ።

ያን ጊዜ ያየሁትን እስከ ዛሬ በቅጡ መናገር አልችልም። መጋዘኑ በእህል ብናኝ የተሞላ ስለነበረ ብርሃኑ ከማሽኑ እስከ ሸራው ድረስ በአየር ላይ ቆሞ ይታያል። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ብርሃኑ ውስጥ አስገቡና ቶሎ መለሷት፤ ከዚያም መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ሸራው ላይ ወንዝ ይፈሳል፣ ሴት ትዘፍናለች፣ ሦስት መቶ ሰው ትንፋሹን ውጧል። እኔም ዋጥኩ። በአህያ የሚጫን አራት ሳጥን ይህን ያደርጋል ቢሉኝ በሕይወቴ አላምንም ነበር።

አንዲት ችግር ግን ነበረች። ነገሪ ያለው አንድ የሕንድ ፊልም ብቻ ነው። ፊልሙ ሦስት ጥቅል ሲሆን ሻጩ የሰጠው ሁለቱን ነው። ታሪኩ ስለ አንዲት እናትና ስለ አንድ ልጇ ነው። ሁለተኛው ጥቅል የሚያልቀው ልጁ የተሳፈረባት ጀልባ በጎርፍ ተገልብጣ፣ እናቱ ዳር ቆማ ስትጮህ ነው። እዚያ ላይ ሸራው ነጭ ሆነ። ሰዉ ሊነሣበት ነው ብዬ በሩን በዓይኔ ፈለግሁ።

«ትንሽ ነው የቀረው!» አለ ነገሪ። ሸራው ፊት ቆመና ሲያስተረጉም በዋለበት በዚያው ድምፅ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ፣ የቀረውን በአፉ ይነግራቸው ጀመር።

ክቡራን አንባብያን፣ ኢንጂነሩ ሦስተኛውን ጥቅል አይቶት አያውቅም። የሚያየው ሰዉን ነው። በእህል ነጋዴዎቹ አርሲ ነገሌ ልጁ ከወንዙ ወጥቶ ሚዛን የሚያጭበረብረውን ባለ መጋዘን በአደባባይ ገረፈው። አቦምሳ ላይ የሠርግ ወቅት ስለነበረ ዳረው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያሉ ዓሣ አጥማጆች «ጉማሬውስ? ያን ያህል ውኃ ያለ ጉማሬ?» ብለው ስለያዙት፣ ልጁ ከአንድ ጉማሬ ጋር ሩብ ሰዓት ታገለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በሳቅ እፈርሳለሁ።

አዳሚ ቱሉ ላይ ግን አልሳቅሁም። ሸራው ነጭ ከመሆኑ ከፊት የተቀመጡ እማማ ዲንቄ የሚባሉ ሴት ብድግ አሉ። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ቆይቷል። «ዱፌ?» አሉ። መጣ ወይ ማለታቸው ነው። ማንን እንደሚጠይቁ መጋዘኑ ውስጥ ያላወቀ ሰው የለም። ነገሪ ወደ እሳቸው ቀረብ አለ። ከዚያ ስለ እናትየዋ ነገራቸው፤ በየማታው በሯን ገርበብ አድርጋ እንደምትተኛ፣ ጎረቤት ዝጊው ሲላት እንደማትሰማ፣ ውሻው እንኳ መንገድ መንገዱን ማየት እንደተወ። በመጨረሻም «ዱፌራ» አለ። «ዘገየ እንጂ መጥቷል።» እማማ ዲንቄ ተቀመጡ።

ነገሩ የተበላሸው ናዝሬት አውቶቡስ ተራ ነው። አንድ የአቦምሳና አንድ የአርሲ ነገሌ ሰው ልጁ አገባ፣ አላገባም በሚል ተደባድበው ቀበሌያችን መጡ። ሊቀመንበራችን ጓድ ገሠሠ ሁለቱንም አዳመጡና ነገሪን አስጠሩ። ጓድ ገሠሠ ሲስቁ የታዩበት ዓመት አይታወቅም። የእሳቸውም ልጅ እንደ እማማ ዲንቄ ልጅ ለውትድርና ወደ ሰሜን ሄዷል። ደብዳቤው ከተቋረጠ አሥራ አንድ ወር ስለሆነው ቢሯችን ውስጥ ፖስታ የሚባል ቃል አይነሣም።

«አንድ ፊልም ስንት መጨረሻ አለው?» አሉት።

«አንድ ነው፣ ጓድ።»

«አንተ ስንት ነው የምትነግረው?»

ነገሪ በጣቶቹ እየቆጠረ በየአገሩ የነገረውን ዘርዝሮ አዳሚ ቱሉ፣ እናትየዋ ጋ ሲደርስ አስቆሙት። ብይኑ አጭር ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛው ጥቅል ይገኝና ኮሚቴው ይየው፤ ነገሪ የሚናገረው እዚያ ውስጥ ከሌለ ሰፊውን ሕዝብ በማሳሳት አራቱ ሳጥኖች ይወረሳሉ። ነገሪ ሲወጣ በሩን ስቶ ግድግዳውን ገፋ።

እኔ አዋቂው ወዳጄን ላድን ተነሣሁ። አዲስ አበባ ወዳሉ ፊልም አከራዮች አራት ደብዳቤ ጻፍኩ። በሃያኛው ቀን ጥቅሉ በአውቶቡስ መጣልኝ። በኩራት ነገሪ ፊት አስቀመጥኩት። አየው፣ አልነካውም።

«ጸሐፊ፣ ማን ፈልግ አለህ?» አለኝ።

እሑድ ከቀትር በኋላ የቀበሌው አዳራሽ በጆንያ ጨለመ። ሰባት የኮሚቴ አባላት፣ ሊቀመንበሩ መሐል፣ እኔ ቃለ ጉባኤዬን ጉልበቴ ላይ። ወንዙ መጣ። ጀልባዋ ተገልብጣ ነበር። በነጋታው ወንዙ ልጁን ወደ ዳር አወጣው፤ ፊቱ ወደ ታች ነበር። እናትየዋ አልጮኸችም፤ ቁጭ ብላ እርጥብ ፀጉሩን ታበጥር ጀመር። ነገሪ አላስተረጎመም፤ የሚተረጎምም አልነበረም። አራቱ ሳጥኖች እንዳለቀላቸው አወቅሁ፤ ያጠፋኋቸውም እኔ ነኝ።

«አጥፋው» አሉ ጓድ ገሠሠ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ገና አላለቀም...» አለ አንዱ አባል።

«አጥፋው አልኩ!»

ማሽኑ ቆመ። ሊቀመንበሩ ለረጅም ጊዜ ነጩን ሸራ አዩ። ከዚያ እኔ የማላውቀው ድምፅ ወጣቸው። «ነገሪ፣ እስቲ የአዳሚ ቱሉውን ንገረኝ።»

ነገሪ ሸራው ፊት ቆመ። ያን ቀን ቀልድ የለም፣ ጉማሬ የለም። ገርበብ ያለውን በር ነገረ። ጎረቤቱን፣ ውሻውን ነገረ። ቀስ ብሎ ነው የነገረው፤ ሊቀመንበሩ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ።

«ዘገየ?» አሉ።

«ዘግይቷል።»

«ግን...»

«ዱፌራ፣ ጓድ ሊቀመንበር። መጥቷል።»

ጓድ ገሠሠ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍ። ሦስተኛው ጥቅል ብልሽት ተገኝቶበታል። ቴክኒሺያኑ በቃል የሚያሰማው ጸድቋል።» ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው በራሳቸው እጅ መቱ። ሰባቱም ፈረሙ። በዚያ መሥሪያ ቤት ከጻፍኳቸው ቃለ ጉባኤዎች ሁሉ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ በደስታ የጻፍኩት እሱን ብቻ ነው።

ብልሹ የተባለው ጥቅል አሁን ቁም ሣጥኔ ላይ ተቀምጧል። ከቀበሌው ስወጣ ይዤው የወጣሁት ንብረት ያ ብቻ ነው፤ ማንም እጅ እንዳይገባ ብዬ ነው። ክቡር ኢንጂነር ነገሪ አርጅቷል። ግቢው ውስጥ ዛሬም የተፈታ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አልጠይቀውም፤ እሑድ እሑድ እሄድና ብሎን አቀብለዋለሁ። ማዕረጉንም እንደ ድሮው በሹፈት አልጠራውም።

የሊቀመንበሩ ልጅስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። የሆነውን አውቃለሁ፤ ጓድ ገሠሠም ኋላ አውቀውታል። ነገር ግን ነገሪ ሲያስተምረኝ የኖረው ሌላ ነው። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ሸራው ነጭ ሆኖባችሁ ብትጠይቁኝ፣ ብድግ ብዬ እንዲህ ነው የምላችሁ፦ በሩን አትዝጉት፤ መንገድ ላይ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረው።