የኔታ የሚደርሱባት ኳስ

[ንፋስ መውጫ፣ ከገበያው በላይ ያለች ባለ አንድ ክፍል ጌም ቤት። ጠረጴዛው ላይ ያረጀ ኮምፒውተር በዳንቴል ተሸፍኗል። የቤቱ ባለቤት ጥላዬ የዳንቴሉን አንድ ጫፍ ይዟል። ባሕር ዳር የኮምፒውተር ሥልጠና ወስዶ የተመለሰው ጎረቤቱ ናትናኤል ሌላውን ጫፍ ይዞ ይጎትታል። በሩ ላይ አንዲት በግ ታስራለች።]

ናትናኤል፦ ልቀቀው አልኩህ።

ጥላዬ፦ አንተ ልቀቅ። ሚስቴ ማንአለሽ ክረምቱን ሙሉ የሠራችው ነው፤ ቢተረተር ማደሪያ የለኝም።

ናትናኤል፦ ጥገና ላይ ያለ ኮምፒውተር ዳንቴል አይለብስም።

ጥላዬ፦ የምትከፍተው ሆዱን ነው አላልክም? ራሱን ለምን ትገልጠዋለህ?

ናትናኤል፦ ይሄ ራሱ አይደለም፣ ስክሪን ነው። ራሱ ያ ታች ያለው ሳጥን ነው።

ጥላዬ፦ ራሱ ከታች፣ ፊቱ ደግሞ ከላይ? እንዲህ ሁኖ ነዋ ነገር የማይገባው።

ናትናኤል፦ [ዳንቴሉን ትቶ ሳጥኑን መፍታት ይጀምራል] ነገር የማይገባው ራሙ ትንሽ ስለሆነ ነው።

ጥላዬ፦ ራም ደግሞ ምኑ ነው?

ናትናኤል፦ ማስታወሻው። ጌሙ ሲከፈት የሚይዘውን ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚይዘው። ያንተ ምንም አይዝም።

ጥላዬ፦ ቀለም አይገባውም በለኛ። ቤተ ልሔም ድጓ ስንማር እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። ጠዋት የነገሩት ቀትር ላይ የለም። አለንጋ ቢጨመርለትም አልያዘ።

ናትናኤል፦ ኮምፒውተር በአለንጋ አይሆንም።

ጥላዬ፦ ትንሽ ትንሽ ይሆናል። እኔ ጎኑን መታ ሳደርገው ይነቃል።

ናትናኤል፦ ኮምፒውተሩን ትመታዋለህ?

ጥላዬ፦ በቀስታ ነው። እንደ ልጄ ነው የማየው።

ናትናኤል፦ ስማኝ፣ ግራፊክስ ካርዱም ሞቷል ማለት ይቻላል። ሜዳውን፣ ተጫዋቹን፣ ኳሱን የሚስለው እሱ ነው።

ጥላዬ፦ ሠዓሊም አለው?

ናትናኤል፦ አለው፣ ግን አርጅቷል። ኳሱን ስሎ ሳይጨርስ ጨዋታው ያልፍበታል።

ጥላዬ፦ እንግዲህ አዲስ ግዛ እንዳትለኝ። ያለኝ በጀት በሩ ላይ የታሰረው ነው።

ናትናኤል፦ [በሩን አይቶ] በጀትህ ዳንቴሉን እየበላችልህ ነው።

ጥላዬ፦ [ሮጦ ወደ ወለሉ የተንጠለጠለውን ጫፍ ከበጓ አፍ ያስጥላል] አሁን ሞትኩ። ይቺን ነገር ዛሬውኑ ውሰድልኝ።

ናትናኤል፦ እወስዳታለሁ፣ ባለቤቴ ዳግማዊት ለፋሲካ እየጠበቀቻት ነው። ውላችን እንዲህ ነው፤ የኔና ያንተ ኮምፒውተር ከአንድ የቢሮ ጨረታ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። የኔን ግን ባሕር ዳር ሳለሁ አሻሽዬዋለሁ። የኔን ራምና ካርድ ላንተ፣ ያንተን ለኔ። እኔ ቤት መዝሙር ነው የሚከፈትበት፣ ፍጥነት ምን ያደርግልኛል?

ጥላዬ፦ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ አልደብቅህም። ወጣቱ ሁሉ መናኸሪያው ጋ ዳኛቸው ጌም ቤት ሄዷል። ይሄ ቤት ከተዘጋ ወገዳ ካለው አባቴ ዘንድ ተመልሼ ሞፈር ልይዝ ነው። ማንአለሽ ደግሞ ያገባችኝ ባለ ጌም ቤት ነው ተብላ ነው።

ናትናኤል፦ አይዘጋም፣ እኔ እያለሁ።

ጥላዬ፦ የኔታ ግን ምን ይሉ ይሆን?

ናትናኤል፦ የትኛው የኔታ?

ጥላዬ፦ መርጌታ ገብረ ሕይወት ናቸዋ። ፊደል ያስቆጠሩኝ።

ናትናኤል፦ ምነው፣ እየመጡ ይገዝቱሃል?

ጥላዬ፦ ኧረ አይገዝቱም። መጥተው ይቀመጣሉ።

ናትናኤል፦ ይመክሩሃል ማለት ነው።

ጥላዬ፦ ዝም ብለው ነው።

ናትናኤል፦ ዝም ብለው ምን ያደርጋሉ?

ጥላዬ፦ ያጠቃሉ።

ናትናኤል፦ ማንን?

ጥላዬ፦ ማንም ይሁን። በግራ ክንፍ በኩል ነው የሚወዱት።

ናትናኤል፦ [መፍቻው ከእጁ ይወድቃል] የኔታ ኳስ ይጫወታሉ?

ጥላዬ፦ መጀመሪያ የመጡት ከትምህርት የጠፉ ተማሪዎቻቸውን በዱላ ሊያስወጡ ነበር። አስወጧቸው። ከዚያ «ምን አይተው ነው እንዲህ የሚደነዝዙት» ብለው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። በዚያው ቀሩ።

ናትናኤል፦ አሁን የታሉ ታዲያ?

ጥላዬ፦ ቀብር አለባቸው። ፍትሐቱ እንዳለቀ ይገባሉ።

ናትናኤል፦ በዚያ ዕድሜ እንዴት ይችሉታል?

ጥላዬ፦ ኳሷ ቀርፋፋ ነቻ። ታቦት ሲመለስ እንደሚሄደው ነው የምትመጣው። የኔታ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ አክ ብለው፣ ይደርሱባታል።

ናትናኤል፦ ወጣቶቹስ?

ጥላዬ፦ ይመጣሉ። በሩ ላይ ቆመው ያያሉ፣ የየኔታን ጉልበት ይስማሉ፣ ይሄዳሉ።

ናትናኤል፦ አየህ? ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ያዩና ይሄዳሉ። ችግሩ ፍጥነት ነው አላልኩህም?

ጥላዬ፦ ይሆናል። የተማርከው አንተ ነህ።

ናትናኤል፦ ደንበኛን ማጥናት የሚባለው ይሄ ነው። አንተ ስታየው ከርመህ አልገባህም፣ እኔ ግን ገና እንደገባሁ ያዝኩት።

ጥላዬ፦ እኔማ ምን ይገባኛል።

[ናትናኤል ከቤቱ ይዞት በመጣው ራምና ካርድ ዕቃውን ይቀይራል፤ አሮጌውን ኪሱ ይከታል። ኮምፒውተሩን ይከፍታል፣ ጌሙ ይጀምራል።]

ናትናኤል፦ እስቲ ተመልከት።

ጥላዬ፦ ኳሷ የታለች?

ናትናኤል፦ አለፈች።

ጥላዬ፦ እረግ። አሁንስ?

ናትናኤል፦ አሁንም አለፈች።

[መርጌታ ገብረ ሕይወት ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ መቋሚያ ይዘው ይገባሉ። ሁለቱም ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ጉልበት ይስማሉ።]

መርጌታ፦ ይባርካችሁ። ወንበሬን ወዲህ አድርግልኝ፣ ጆይስቲኩንም።

ናትናኤል፦ የኔታ፣ ዛሬ ያላዩትን ያያሉ።

መርጌታ፦ [ለመቀመጥ ሲመቻቹ ጌሙ ውስጥ ያለው ሕዝብ ይጮኻል] ሕዝቡ ምን አይቶ ነው የጮኸ?

ጥላዬ፦ ግብ ገብቶ ነው፣ የኔታ።

መርጌታ፦ በማን ላይ?

ጥላዬ፦ በእርስዎ ላይ።

መርጌታ፦ እኔ እኮ ገና አልተቀመጥሁም። [ይቀመጣሉ፤ ሕዝቡ እንደገና ይጮኻል] ይሄስ?

ጥላዬ፦ ይሄም በእርስዎ ላይ ነው።

መርጌታ፦ ኳስ ነው ወይስ ንብ ነው የለቀቃችሁብኝ? ትናንት እኮ በሥርዓት ትሄድ ነበር። ምን አቅምሳችኋት ነው?

ጥላዬ፦ [ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ] እኔ አላውቅም፣ የኔታ። የሚያውቀው ናትናኤል ነው።

ናትናኤል፦ [ደረቱን ነፍቶ] በቀላሉ ላስረዳዎ። ዝግታውን ያመጣው የነበረው ይሄ ነው። [አሮጌውን ዕቃ ከኪሱ ያወጣል]

መርጌታ፦ ዝግታው እሱ ውስጥ ነው ያለ?

ናትናኤል፦ እንዳለ።

መርጌታ፦ ልትጥለው ነው?

ናትናኤል፦ ለምን ይጣላል፣ የኔታ? እቤቴ ኮምፒውተር ላይ ይገባል። ከገባ በኋላ የኔም እንደዚህኛው ይንቀራፈፋል።

መርጌታ፦ ጨዋታውም አለህ?

ናትናኤል፦ ምን ጥያቄ አለው? ለጥላዬ የጫንኩለት እኔ አይደለሁ?

መርጌታ፦ [መቋሚያቸውን ተደግፈው ይነሳሉ] ወንበርህ መደገፊያ አለው?

ናትናኤል፦ አለው... ለምን፣ የኔታ?

መርጌታ፦ በል ቅደምና ግጠመው። እኔ ቀስ እያልሁ እደርሳለሁ።

[ይወጣሉ። ደጅ ቆመው የነበሩ ወጣቶች ጉልበት ስመው ያሳልፏቸውና አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ናትናኤል ጥላዬን ወደ ጥግ ይስበዋል።]

ናትናኤል፦ ጥላዬ፣ ቤቴ እኮ አንድ ክፍል ናት። ኮምፒውተሩ ያለው አልጋው ራስጌ ነው። ዳግማዊት ምን ትለኛለች?

ጥላዬ፦ ጉልበት ትስማለች እንጂ ምን ትላለች።

ናትናኤል፦ አትቀልድ። አንተ ትቀርባቸዋለህ፤ አይመችም በላቸው። ቢቀመጡም እንኳ፣ ሲመሽ መጥተህ ተነሡ በልልኝ።

ጥላዬ፦ [የበጓን ገመድ እያስያዘው] የኔታን ተነሡ የምልበት አፍ ቢኖረኝ፣ አንተን በበግ እቀጥርህ ነበር?