ከሻርክ አፍ የተነጠቀው ጀሪካን

ስመ ጥሩው፣ ድምፀ ነጎድጓዱ ሙዚካይሴ ንቱሊ ፒክአፑን በገዛ በአምስተኛው፣ ፍሬኑ መጮህ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በጃንዋሪ መባቻ፣ ይህ ኃያል ጌታ ቤተሰቡን አስከትቶ ከቀዬው ከኡሉንዲ ወደ ደርባን ባሕር ዘመተ፤ ዓመቱን ሙሉ ቤትን ከክፉ ነገር የሚያነጻ የባሕር ውሃ ቀድቶ መመለስ የአባቶቹ ወግ ነውና።

የተከተሉትም እነዚህ ናቸው፦ በጋቢና፣ ከነጃንጥላቸው፣ እናቱ እመት ማዙንጉ፤ በስተኋላ፣ ሰማይ ብቻ በሸፈነው የጭነት ቦታ ላይ፣ ወንድሙ ቬላፒ፣ ዐቃቤ ቢራ፤ ይህን የምጽፍ እኔ ሚስቱ፤ በጉያዬም የሰባት ዓመቷ ልጃችን ሎንዲዌ። የጋቢናው ቀበቶ ተቆርጦ የፍየል ማሰሪያ ከሆነ ሰንብቷል።

ከባሕሩም ዳር በደረሰ ጊዜ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ስሙ! ከቁርጭምጭሚት በላይ ውሃ የገባ የኔ ዘር አይደለም! ሻርክ አለ! ቬላፒ፣ አንተ ወፍራሙ፣ ፊት ቁም፤ አንተን ከበላ ይጠግባል!»

የዋናተኞች ጠባቂውም በድምፅ ማጉያው መለሰ፦ «ባባ፣ እዚህ ስሠራ ሦስት ልጅ ወለድኩ፣ ሻርክ ግን አላየሁም! ልጅቷን ይልቀቋት ትንቦራጨቅ!»

ጀግናው ግን ናቀው። የእናቱንም ጃንጥላ እንደ ጦር ሰብቆ፣ አረፋው በመጣ ቁጥር ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ባሕሩ በራቀ ቁጥር እየፎከረ ጀሪካኑን ሞላ፤ በማዕበል የመጣ ጥቁር ፌስታልም ቢያይ ሦስት ጊዜ ወግቶ ገደለው። ሎንዲዌም እግሯ ሳይርስ አባቷን «ባባ! ባባ!» እያለች አለቀሰች። ድሉም በቢራ ጸና።

ወእምዝ፣ ለመመለስ በተነሣን ጊዜ፣ እኔም የበኩሌን አወጅኩ፦ «ያ ጀሪካን ይታሰር! ባይሆን ልጅቷን እናትህ ጋቢና ውስጥ ይቀፏት!»

እርሱም አወጀ፦ «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ሞት ነው የሚታይሽ! ከሻርክ አፍ አውጥቻት ጀሪካን ትፈሪያለሽ?»

በመንደራችን ሻርክ የነካው ሰው ማንም አያውቅም፤ መንገድ ዘመድ ያልወሰደበት ቤት ግን የትኛው ነው? ጀግናው በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ድሉን ላጎቱ እያበሠረ ሳለ ላሞች አስፋልቱን አቋረጡ። ፍሬኑም እንደ ልማዱ ጮኸ፤ መኪናው ተወላገደ፤ ያ በደም ፍላት የተቀዳ ውሃ ከነጀሪካኑ ተንሸራቶ የልጄን እግር ከጭነት ቦታው ግድግዳ ጋር አጣበቀው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ።

በጤና ጣቢያውም ሙዚካይሴ በሰው ሁሉ ፊት ደረቱን ነፍቶ፣ «ከባሕር ነው የመጣነው፣ ሲስተር!» አለ። ነርሷም ደንግጣ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች፦ «ውይ የኔ እናት፣ ሻርክ ነው?»

ሎንዲዌም እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ለተሰበሰበው ሁሉ አወጀች፦ «አይደለም፤ ባባ ነው።»

አጥንቷ ይገጥማል ተብለናል፤ እኔ ግን እስክትራመድ አላምንም። ስለዚህ ኃያሉ፣ ጽኑው፣ ዘኢይፈርህ ማዕበለ፣ የባሕር አራዊት ሁሉ ርቀው የሚሰግዱለት ሙዚካይሴ ንቱሊ ለዘላለም ይመስገን፤ በዘመኑ ከወገኑ አንድ ስንኳ በሻርክ አልተበላምና። የመኪናው ቁልፍ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው። ጀግና ነውና በእግሩ ይሂድ።