ስለ ሥራ ፈቱ ወንዴ ፓፓያ

ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት የተጠራው የግቢያችን ኮሚቴ ስብሰባ፣ ሁሉም በአራት ሰዓት ስለመጣ በሰዓቱ ተጀመረ። ቦታው ሐዋሳ፣ ታቦር፣ የሰብሳቢው በረንዳ ነው።

የተገኙ፦
አቶ ሰይፈሚካኤል፣ ሰብሳቢ (በቅርቡ ባጃጅ የገዙ)
አቶ ማርቆስ፣ አባል (ጡረተኛ የቢሮ ኃላፊ)
ወ/ሮ ብርቅዬ፣ አባል (ለጭማቂ ቤቶች ፓፓያ የሚሸጡ)
መምህርት ሩሐማ፣ ተጋባዥ (የባዮሎጂ መምህርት፤ ተከራይ ስለሆኑ ድምፅ የላቸውም)
ግዛቸው፣ ጸሐፊ (ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ፤ ድምፅ የለውም)

ያልተገኘ፦ ጉዳዩ የሚታይበት ፓፓያ።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አቶ ማርቆስ እንቅልፍ ቢወስዳቸውም ተቆጥረዋል።

አጀንዳ 1፦ የሚያብብ እንጂ የማያፈራውን ፓፓያ ስለ መቁረጥ

ሰብሳቢው ዛፉ አበባ ከማንዠርገግ በቀር አንድም ፍሬ ሰጥቶ እንደማያውቅ፣ ይህም ለግቢው ወጣቶች መጥፎ አርአያ እንደሆነ አስረዱ። ቦታው ለምን እንደሚውል ሲጠየቁ፣ ስለ ባጃጅ ማቆሚያ ፈጽሞ እንዳላሰቡ፣ ስፋቱ ግን ልክክ እንደሚል ገለጹ።

መምህርት ሩሐማ ዛፉ ወንዴ መሆኑን፣ የወ/ሮ ብርቅዬ ሴቴ ፓፓያዎች የሚያፈሩትም በእሱ የአበባ ብናኝ መሆኑን ተናገሩ። ብናኙ ሴቴ አበባ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ከእንቁላሉ ጎን ያሉ ሴሎችም ትንንሽ ፕሮቲኖች እየለቀቁ «በዚህ በኩል ና» ይሉታል። ቱቦው ደርሶ ሲፈነዳ ሁለት ወንዴ ሴሎች ይወጣሉ አሉ።

አቶ ማርቆስ እዚህ ላይ ነቅተው፣ ጥሪው በደብዳቤ ነው ወይስ በቃል ሲሉ ጠየቁ። በኬሚካል ነው ሲባሉ፣ ማኅተም የሌለው ጥሪ ተቀብሎ የሚሄድ ሁሉ መጨረሻው መፈንዳት ነው ብለው ተመልሰው ተኙ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ሁለተኛው ወንዴ ሴል

ሰብሳቢው ለአንድ እንቁላል ሁለት ሙሽራ መላክ ነውር ነው አሉ። መምህርቷ፣ አንደኛው ከእንቁላሉ ጋር ተዋህዶ ፅንስ እንደሚሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከጎን ካለው ሌላ ሴል ጋር ተዋህዶ የፅንሱን ስንቅ እንደሚሠራ፣ ትዕግሥታቸው እያለቀ አስረዱ። ሰብሳቢው «እንግዲያው ይኼኛው ሚዜ ነዋ» ብለው ተረጋጉ።

በዚህ መካከል ከጓሮ የገጀራ ድምፅ ተሰማ። ሰብሳቢው ድምፁ አጀንዳ ስላልተያዘለት ውይይቱ እንዲቀጥል አዘዙ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለተኛው ሴል ሚዜ ተብሎ እንዲመዘገብ ተወሰነ። ዛፉም በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ እንዲቆረጥ ጸደቀ። የአቶ ማርቆስ ድምፅ ማንኮራፋታቸው ነው።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ተቃዋሚዋ ወ/ሮ ብርቅዬ በሰፈሩ ሌላ ወንዴ ፓፓያ እንደሌለ፣ ልጃቸውን ሶሊያናን የሚያስተምሩት በዚሁ ፍሬ እንደሆነ ተናገሩ። «ጋሽ ሰይፈሚካኤል፣ ለባጃጅ ብለው የእኔን ጉሮሮ ሊዘጉ ነው?» ሲሉም ጠየቁ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሶፍት አቀበላቸው፤ ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው።

ሰብሳቢው አልራሩም። መምህርት ሩሐማ ግን ሰብሳቢው ሆዳቸው እንዳይደርቅ በየጠዋቱ የሚበሉት ፓፓያ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁ። ከወ/ሮ ብርቅዬ ነበር።

ወዲያው ሰብሳቢው ራሳቸው ባቀረቡት ሐሳብ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ሚዜውም ከመዝገብ እንዲወጣ፣ ዛፉም ማንም እጁን ሳያነሳበት እንዲቆም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ብርቅዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

የሰብሳቢው ባጃጅ ሹፌር ክብሩ ገጀራውን እንደያዘ ገብቶ፣ «ጋሼ፣ ጠዋት እንዳዘዙኝ ጥዬዋለሁ። ባጃጁን ላስገባው?» አለ።

ወ/ሮ ብርቅዬ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ። ሰብሳቢው ይህ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠይቀዋል፤ ከላይ እንደሚታየው ተሰርዟል።

ዛፉ እንዲቆም የተላለፈው ውሳኔ የጸና ስለሆነ፣ ክብሩ የወደቀውን መልሶ እንዲያቆም ታዞ ስብሰባው በአምስት ሰዓት ተኩል ተበተነ። እስኪያቆመው ድረስ ባጃጁ ቦታውን በጊዜያዊነት ይጠብቃል።