ስትጠሪ ማን ይመጣል?

እናንተ፣ ቅጽ መሙላት ትወዳላችሁ? እኔ እወዳለሁ። ሰው ይስቅብኛል እንጂ እወዳለሁ። ዕድሜዬን በአስተማሪነት ስላሳለፍኩ ነው መሰለኝ፣ ሣጥን ውስጥ ራይት ማድረግ ደስ ይለኛል። በተለይ የሚመዘነው የሌላ ሰው ቤት ሲሆን። የራሱን ጣሪያ ማን ቀና ብሎ ያያል? የሰው ጣሪያ ሲሆን ግን ቀዳዳው ከሩቅ ይታያል።

ስለዚህ አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እዚህ ደብረ ታቦር ዳር ላይ ሰዎች አዋጥተው ያቋቋሙትን የአረጋውያን መጦሪያ ማን ሄዶ ይመርምር ሲባል ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ሆነን ተመረጥን። አንዷ ሲስተር ሙሉ ናት፤ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ሳቅ የምትቆጥብ ሴት። ሁለተኛው እኔ። ቅጹ ብዙ ገጽ ነው። ወለሉ ያዳልጣል ወይ? መጸዳጃ ቤቱ መደገፊያ ብረት አለው ወይ? ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል ወይ? አዎ፣ አይደለም፣ አስተያየት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለሰው ግን አታውሩብኝ። እጄን ያወጣሁት ለቅጽ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? አክስቴ እናኑ እኔ ዘንድ ነበሩ። የእናቴ ታናሽ ናቸው። እናቴ በልጅነቴ ስትሞት አንበሳሜ ወስደው ያሳደጉኝ፣ ቅቤ እየነገዱ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የወለዱት ልጅ የላቸውም። ባላቸው ሲሞቱ ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። አገሩ ሁሉ አመሰገነኝ። ልጅ ማለት እንዲህ ነው ተባለልኝ። እኔም አመንኩ።

ዳሩ ግን እኔው ቤት፣ ከጓሮ ወደ መጸዳጃ ቤቱ የምታስወርደው ደረጃ ላይ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ ሆነ አካሄዳቸው። ዓይናቸውም ደከም ብሏል። ለጉልበትዎ ወንዛዬ ፍል ውኃ እወስድዎታለሁ ካልኩ ስንት ጊዜዬ! መቼ ተመቸኝ? ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ትውላለች። እኔ ደግሞ እድር አለብኝ፣ ሰበካ ጉባኤ አለብኝ፣ ሽምግልና አለብኝ። አገር ያለ እኔ የሚውል አይመስለኝም።

እና አሰብኩ። መጦሪያው ደኅና ከሆነስ? አክስቱን መጦሪያ ጣላቸው መባሉን ፈርቻለሁ። ቅጹ ደኅና ነው ካለ ግን የጣላቸው ቅጹ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ይገባችኋል አይደል? ስለዚህ በምርመራው ቀን፣ አክስቴ ትንሽ ወጣ ብለው አየር ይቀበሉ ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። የት ነው ብለው አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

ስንደርስ አረጋውያኑ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኛ ብቅ ስንል ሁሉም ብድግ! «ኖር! ኖር!» የአገራችንን ነገር ታውቁታላችሁ። እንግዳ ሲመጣ ቁጭ ብሎ መቀበል ነውር ነው። ለገዛ ልጁ የሚነሳ ሽማግሌ የለም፤ ለእንግዳ ግን ጉልበት ኖረም አልኖረም ይነሳል። እኛም «በእግዜር! ኧረ በእግዜር፣ አይነሱ!» እያልን ሮጥን። አልደረስንም። አንድ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር፣ መሪጌታ ይሏቸዋል፣ ድምፃችንን ሰምተው ሲነሱ ምርኩዛቸው ከዳቸውና በጎናቸው ወደቁ። የቤቱ ተንከባካቢ ስንዱ፣ ጠና ያለች ቀጭን ሴት ናት፣ ከየት መጣች ሳንል ከሥር ገብታ ጭንቅላታቸውን በክንዷ ተቀበለችው።

መሪጌታ ሳቁ። እንግዳ ሲቀበሉ መውደቅ ጽድቅ ነው አሉ። ሲስተር ሙሉ ግን አልሳቀችም።

«ጻፍ» አለችኝ። «በዛሬው ዕለት የመውደቅ አደጋ ደርሷል።»

«ምክንያቱን ምን ልበል?»

«መርማሪዎቹ በል» አለችኝ።

ከዚያ ተራ በተራ እየዞርን ጠየቅን። ምግቡ ይስማማዎታል? ተመስገን። ብርድ ልብስ ይበቃዎታል? ተመስገን፣ ምን ጎደለን! የሚያመናጭቅዎት ሰው አለ? ኧረ ወዲያ፣ ተመስገን! እኔ ራይት፣ ራይት፣ ራይት። እንደዚያ ቀን እጄ ቀንቶት አያውቅም። ሲስተር ሙሉ ግን ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። የበላበትን ወጭት የሚሰብር ሰው እዚህ መሃል የለም፣ በከንቱ ነው የምንደክመው አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ያደግነው የጎደለንን ለእንግዳ እንዳንናገር ተደርገን ነው። ገመና ነዋ! ቢሆንም ቅጹ ስለ ገመና አይጠይቅም፤ እኔ መሙላቴን ቀጠልኩ። ዞር ብዬ ሳይ አክስቴ የሉም። ከሴቶቹ መኝታ ቤት የወጡት እኛ ጨርሰን ልንሄድ ስንል ነው።

ቤት ስንመለስ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና፣ እንደ ዋዛ አድርጌ «እንዴት አዩት ቤቱን፣ አክስቴ?» አልኳቸው።

«ደኅና ነው» አሉ። ቀጥለውም «ጻፍ» አሉ።

በዚያ ቀን ጻፍ ያላለኝ ሰው የለም። ጻፍኩ። አልጋዎቹ ላይ የተነጠፈው ብርድ ልብስ የዚያኑ ቀን ከዕቃ ቤት የወጣ ነው፤ እጥፋቱ ገና አልለቀቀም፤ እኛ ስንወጣ ተመልሶ ይገባል። የደብረ ታቦር ብርድ ደግሞ ከጉና ተራራ ወርዶ አጥንት ነው የሚገባው። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ውኃ ይተኛል። ብረቱ አለ፤ የተተከለው ግን ለረጅም ሰው ነው፣ አሮጊት እጇ አይደርስበትም። ለዚያ ሁሉ ሰው ስንዱ ብቻዋን ናት። እኔ እኮ ለሁሉም ራይት አድርጌ ነበር! ብረት አለ ወይ? አለ። ማን ይደርስበታል ብሎ ቅጹ መቼ ጠየቀ? እርጅናን ለአረጋውያን ላስተምር ሄጄ! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኸው ነው።

«ይኼን ሁሉ ማን ነገረዎት?» አልኩ። «እኛን እኮ ተመስገን ነው ያሉን።»

«አንተማ ደኅና ናችሁ ወይ ብለህ ነው የጠየቅህ። ደኅና ነሽ ወይ የተባለ ሰው ምን ይልሃል? እኔ አንዲቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁና፣ ስትጠሪ ማን ይመጣል? አልኋት። ሌላ አልጠየቅኋትም። የቀረውን ራሷ ዘከዘከችልኝ።»

«ማን ይመጣል አለች?»

«ስንዱ። ትዘገያለች፣ ትነጫነጫለች፣ ግን ትመጣለች አለች።»

ከዚያ እንጃ፣ አፌን በላኝ።

«እዚህስ፣ አክስቴ? እዚህ ሲጠሩ ማን ይመጣል?»

አክስቴ የምርኩዛቸውን እጀታ ሲያሻሹ ቆዩ።

«ተመስገን» አሉ።

ከጠዋት ጀምሮ ራይት ሳደርግላት የዋልኳት ቃል ናት። እኔም ቤት በየማለዳው እሰማታለሁ። እንደምን አደሩ ስላቸው ተመስገን፣ በልተዋል ወይ ስላቸው ተመስገን። የወደቁ ዕለት ጠርተውኝ እንደሆነ አጥብቄ ጠየቅኳቸው። ብዙ ካቅማሙ በኋላ ነገሩኝ። ሁለት ጊዜ ጠርተዋል። ሳሎን ሽማግሌ ተሰብስቦ ስለነበረ፣ ሰው ፊት እንዳላሳፍረው ብለው ሦስተኛውን ተዉት። ሽማግሌዎቹ እስኪሸኙ ድረስ እዚያው ደረጃው ሥር ቆይተዋል።

ያንን ሽምግልና አስታውሰዋለሁ። አንተ ጡር፣ አንተ ጡር ተባብለው በአባታቸው የተጣሉ ወንድማማቾችን ነበር የማስታርቀው። ስለ ወላጅ ምርቃት ብዙ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ንግግሬን አደነቀ፤ ሻይም ጠጣን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን አይተው ነው። እኚህ ሴት እኮ አንበሳሜ ትምህርት ቤት ሳለሁ አተኮሰው ሲሏቸው፣ ቅቤያቸውን ለጎረቤት ሻጭ አደራ ብለው ገበያውን ጥለው ይመጡ ነበር። ማን ጠርቷቸው? አፈርኩ። አልቅሼማለሁ፤ ለምን እዋሻችኋለሁ?

በማግስቱ ከሲስተር ሙሉ ጋር ቅጹን እንደ አዲስ ሞላነው። እሷም ቀድማ ሳታሳውቅ ብቅ እያለች ነገሩን ተከታተለች። ብርድ ልብሶቹ አልጋ ላይ ቀሩ፣ ብረቱ ዝቅ ብሎ ተተከለ፣ ለስንዱም አጋዥ ተቀጠረላት። እኔ ደግሞ አንድ ትርፍ ቅጽ ይዤ የገዛ ቤቴን ዞርኩ። ወለሉ ያዳልጣል፤ አዎ። ብረት አለው፤ የለውም። አስተያየት፤ ተዉት። ግንበኛ ጠርቼ ደረጃውን አስጠገንኩ። ብረቱንም በአክስቴ እጅ ልክ አስለክቼ አስተከልኩ። ሲያልቅ እጃቸውን ይዤ ወስጄ አሳየኋቸው።

«የትም አይሄዱም፣ አክስቴ» አልኳቸው።

እዚህ ላይ ባቆመው ጥሩ ምክር ይወጣው ነበር። እኔም እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አክስቴ ብረቱን ነቅነቅ፣ ነቅነቅ አደረጉት። «እግዜር ይስጥህ» አሉ። «ለሚስትህም ለእርጅናዋ ይሆናታል። እኔስ ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ ብዬ ለስንዱ ነግሬያታለሁ።»

ምን አጠፋሁ አልኳቸው። የሠራሁትን ሁሉ ቆጠርኩላቸው። ለመንኳቸው።

«አሁንማ ብጠራህ ትመጣለህ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ሰውን አስቀምጠህ፣ ጉዳይህን ጥለህ ትመጣለህ። እኔም እሱን እያሰብሁ አልጠራህም። ስንዱን መጥራት ግን አያሳፍርም። ሥራዋ ነው።»

እኔም ብረቱን ነቅነቅ አደረግኩት። ለሰው ሁሉ ምክር የማላጣ ሰውዬ!

መስቀል አለፈ፣ ሄዱ። በመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳቦ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እነዚያው አግዳሚው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አክስቴ ከመሪጌታ ቀጥሎ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ፊታቸው ሞላ ብሏል። ብቅ ስል ሁሉም ብድግ፣ ብድግ አሉ። «ኖር! ኖር!» እኔም የለመድኩትን «በእግዜር! በእግዜር!» እያልኩ ወደ እነሱ ሮጥኩ።

አክስቴም ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ኖር» አሉኝ።

ዓይናቸው ነው፣ አልለዩኝም ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። «ኧረ አክስቴ፣ እኔ ነኝ! እኔ እኮ ነኝ!»

«አውቄሃለሁ» አሉ። «ተቀመጥ።»