አባቴ ከእኔ የወረሰው የደም ሥር

ትናንት ቀትር ላይ፣ አባቴ በተኛበት ሆስፒታል፣ እግሬን አልጋው ጠርዝ ላይ ዘርግቼ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። በሕልሜ ዓለም ተገልብጣ ጠበቀችኝ።

ጠዋት ዶክተር ብርቄ የአባቴን ቀኝ እግር ዳብሳ፣ "ቀዝቅዟል፤ ደም አይደርሰውም" ብላን ነበር። "አዲስ የደም ሥር የሚያበቅል ዘረመል በጉንፋን ቫይረስ ተጭኖ የሚሰጥበት ሕክምና ውጭ አገር እየተሞከረ ነው። እኛ ጋ ግን ገና ነው። ካልተሻለው እግሩ ይቆረጣል።" ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። "በሽታው በዘር ይወርዳል። አንተም ተመርመር።" እኔ ግን ያሳሰበኝ የእሱ እግር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኳስ ሲዳኝ የሮጠ እግር!

በሕልሜ ሐኪሞቹ ተኝተው በሽተኞቹ ይጎበኟቸው ነበር። አንዲት ሴትዮ ዶክተር ብርቄን "ምላስሽን አውጪ! ዛሬስ ስንቱን ነገ ተመለስ አልሽው?" ብላ ስትቆጣት፣ ዶክተሯ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደበቀች።

በዚያ አገር የሚወርሱት አባቶች ነበሩ። አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ የልጁን ጎፈሬ ወርሶ እያበጠረ አለፈ። የእኔን ዘረመል ይዞ የመጣው ጉንፋን ነበር። በር ላይ ጫማውን አውልቆ ገባ።

"አቶ ደግፌ፣ ከልጅዎ የተላከ የደም ሥር ነው። እዚህ ላይ ይፈርሙ።"

አባቴ ቀይ ካርድ አወጣበት። "አባት ይሰጣል እንጂ ከልጁ ይቀበላል እንዴ?"

"አባዬ፣ በሞቴ ተቀበለኝ!" አልኩ። እንባዬ መጣ።

አባቴ ጉንፋኑን በጎን አየው። "አብሮት ምን ይመጣል?"

ጉንፋኑ ወረቀቱን አነበበ። "ማንኮራፋት። ከሦስት ሰዓት በፊት አለመነሳት።"

"እሱስ የእናቱ ነው" አለ አባቴ፣ ሣቁ አምልጦት። ፈረመ። ጉንፋኑም ፊቱ ላይ አስነጠሰበት።

"ይማርህ" አለው አባቴ።

"ያኑርዎት!"

ከጉልበቱ በታች የደም ሥሮች እንደ ሐረግ ሲወርዱ አየሁ። አባቴ ከአልጋው ዘሎ ኮሪደሩን በሩጫ ዞረው፤ ሐኪሞቹም ብርድ ልብሳቸውን እየጎተቱ ተከተሉት። እኔ ጋ ሲደርስ ፊሽካውን ነፋ።

"ተነስ!"

ነቃሁ። አባቴ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ካልሲዬን አውልቆ እግሬን በሁለት እጁ ያሻል። ዓይኔን ስገልጥ ማሸቱን አላቆመም።

"ልጄ፣ ያንተም ቀዝቅዟል" አለኝ።