ሊቀ ሊቃውንት ኦክሊ እና ትንሽ የቀረው ሽጉጥ

ርካሽ ሽጉጥ በሚሠራበት አገር ሁሉ፣ ስለ ሽጉጡ ከሠሪው በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሠሪው ዕድሜውን ብረት ሲሞርድ ይፈጃል፤ ሰውየው ደግሞ ባንኮኒ ተደግፎ «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ቢያስተካክሉት ግን...» ሲል ይፈጃል። እናንተም ዘንድ አለ። አገራችሁ ሽጉጥ ባይሠራበት ምድጃ ይሠራበታል፣ ምድጃ ባይሆን ጫማ፤ ሰውየው ግን ያው ነው።

የኛው የሚኖረው በኬንታኪ ተራሮች መካከል፣ ብላክ ፎርክ በምንለው ወንዝ ዳር፣ ከኔ ቤት አጥር ለአጥር ነው። ስሙ ኦክሊ ራትሊፍ ይባላል። እኔ ግን ሊቀ ሊቃውንት ኦክሊ፣ የምላጭ መርማሪ፣ የስድስት ጎራሽ ሁሉ ጠበቃ ብዬ ሾሜዋለሁ። በትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ ሰው ለመሾም ግን ትምህርት አይጠይቅም።

ፋብሪካችን ከወንዙ ማዶ ነው፤ ድሮ ጫማ ይሰፋበት የነበረው ቀይ ሕንጻ ውስጥ። ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይሠራል፣ ለድሃ ኪስ የሚሆን። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ኤስቲል እዚያ ቶርኖ ላይ ቆሞ ነው ያረጀው። «የኛ ሽጉጥ በቅሎ ነው» ይል ነበር፤ «አያምርም፣ ግን ተሸክሞህ ይደርሳል።» ኦክሊ ይህን በሰማ ቁጥር ራሱን ይነቀንቅና «በቅሎም እኮ ኮርቻ ይገባታል፣ ኤስቲል» ይለዋል። ሁለቱ በዚህ ነገር ሲከራከሩ ስንት ክረምት አለፈ! አሁን ያንን ክርክር ለመስማት የማልሰጠው ነገር የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሆባርት ስሎን የብረታ ብረት ሱቅ በረንዳ ላይ ጉባኤ ይቀመጣል። ሊቀ መንበሩን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የተሰበሰቡት ሁሉ የፋብሪካችን ወዳጆች ናቸው፣ ወዳጅነታቸውም የሚገለጸው በማማረር ነው። አንዱ አፈሙዙ አንድ ጣት ይርዘምልኝ ይላል። ሌላው እጀታው ጎማ መሆኑ ቀርቶ የዋልነት እንጨት ይሁንልኝ ይላል። ሦስተኛው ልጅ እንዳይተኩሰው ተብሎ ጎኑ ላይ የተበሳችውን የቁልፍ ቀዳዳ ባያት ቁጥር ደሙ ይፈላል፤ «ሽጉጥ ነው ወይስ የፖስታ ሳጥን?» ይላል። ሁሉም የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋጋው እንዳይነካ። የንግሥት ሽጉጥ በድንች ዋጋ።

ሊቀ ሊቃውንት ሽጉጥ ሲመረምሩ ያላየ ብዙ ቀርቶበታል። ሆባርት ከፍቶ፣ ባዶነቱን አሳይቶ ያቀብላቸዋል። እሳቸውም ደግመው ያዩታል፤ በኛ አገር ሁለት ሰው ያላየው ሽጉጥ ባዶ አይባልም። ከዚያ «ይፈቀድልኛል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሰው ሽጉጥ ምላጭ ሳይጠይቁ መሳብ የሰው ሚስት ሳይጠይቁ እንደማስጨፈር ነውና። ሲፈቀድላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ መዝሙር እንደሚያዳምጥ ሰው ቀስ ብለው ይስባሉ። ቀጭ።

«አሸዋ የገባበት ወፍጮ» ይላሉ።

«ኦክሊ፣ ትገዛዋለህ ወይስ ታገባዋለህ?» ይላል ሆባርት።

«ትንሽ ቢያስተካክሉትማ ሁለት ነበር የምገዛው!»

የፊት ማነጣጠሪያው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ያረጀ ዓይን አያየውም፤ ስለዚህ የበረንዳው ሰዎች ሁሉ ጫፉን ኩቲክስ ይቀቡታል። የሁሉም ሚስት ኩቲክስ የሚያልቀው በጥፍር አይደለም። ኦክሊ ግን ሚስት አግብቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ቀብር ምሳ ላይ የሟች እህት ከኦሃዮ መጥታ ነበር፣ ጥፍሯ እንደ ብርቱካን የሚያበራ። ኦክሊ ቀጥ ብሎ ሄዶ እጇን ያዘ፣ ወደ መስኮቱ አዞረው፣ ወደ ጥላው አዞረው፣ መልሶ ወደ መስኮቱ።

«እመቤቴ፣ ይሄ ቀለም ሲመሽም እንዲህ ይታያል?» አላት።

ሴትዮዋ እስከ ፀጉሯ ሥር ቀላች። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሠርግ ማዘጋጀት ጀመሩ። እሱ የፈለገው ግን ጠርሙሱን ብቻ ነበር።

ዋናው በሽታው ግን ሞላ መቁረጥ ነው። ምላጩ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ይፈታና ሞላውን ትንሽ ይቆርጠዋል። ይለሰልሳል። ደስ ይለውና ትንሽ ይጨምራል። የበረንዳው ማኅበር ሁሉ በሽታ ነው ይሄ። ሞላው ከመጠን በላይ ሲደክም ግን መቺው የጥይቱን ቂጥ ይስመዋል እንጂ አይመታውም። አንድ ቀን ዶሮ ቤቴ ውስጥ እባብ እንቁላል ሲውጥ አግኝቼ ጮህኩ። ኦክሊ አጥሩን ዘሎ ደረሰ፤ እግሩን ከፈተ፣ አነጣጠረ። ቀጭ። ቀጭ። ስድስቱንም። እባቡ እንቁላሉን በአፉ እንደያዘ ቀና ብሎ አየው፤ ያዘነለት ይመስለኛል። እኔው በመኮትኮቻ ጨረስኩት። ሊቀ ሊቃውንት ሽጉጣቸውን ወደ ወገባቸው መልሰው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ምላጩን ግን አየሽልኝ፣ ቨርዲ? ቅቤ እኮ ነው!»

እንዲህ እየሳቅን ሳለ ክፉው ዓመት መጣ። የሸለቆው የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ከተዘጉ ቆይተዋል፤ የቀረን ፋብሪካው ነበር። እሱም ገዢ እየራቀው ሐሙስና ዓርብ መሥራት አቆመ። የፋብሪካው የጠዋት ፉጨት ሳይሰማ ሲቀር ሸለቆው ሁሉ የሞተ ይመስላል። እዚያ እጀታ የምትገጥመው ልጄ ግሌና፣ ኦሃዮ ሄጄ ሥራ ልፈልግ ማለት ጀመረች። ከዚህ ሸለቆ ኦሃዮ የሄደ መጀመሪያ ለገና ይመጣል። ቀጥሎ ለቀብር ብቻ ይመጣል።

አንድ ቅዳሜ የፋብሪካው ባለቤት ሎሪን ብሌቪንስ የሆባርትን በረንዳ ደረጃ ወጣች። ፋብሪካውን ከአባቷ የወረሰች፣ ቁጥብ ሴት ናት። ኦክሊ ፊት ቆመች።

«ጋሼ ኦክሊ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

ኦክሊ ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩን አየ።

«ማን፣ እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። ዕድሜ ልክህን ከጀርባዬ ስታማኝ እሰማለሁ። አሁን ፊት ለፊት ንገረኝ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ያን ሁሉ ዘመን ሲናገር ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ፊቱን አይቼ ነው። ከዚያ ጀመረ። ምሳ አለፈ፤ ሆባርት ሱቁን ዘጋ፤ ሎሪን በረንዳው ወለል ላይ ተቀመጠች። እሱ ገና ስለ ምላጭ ጠርዝ ይናገራል።

በጋው ሳያልቅ እሱ ያለውን ሽጉጥ ሠሩት። አፈሙዙ አንድ ጣት ረዘመ፤ እጀታው ዋልነት፤ የቁልፍ ቀዳዳው ጠፋ፤ የፊት ማነጣጠሪያው ብርቱካን ቀለም ሆኖ በአንዲት ብሎን ይፈታል፣ ይገጠማል። ምላጩ ደግሞ ለስላሳ፣ ሞላው ሳይደክም። ዋጋው አልተነካም።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር «የዛሬ ሳምንት ነጋዴዎቹ ከየአገሩ ይመጣሉ» አለችው ሎሪን። «ከወደዱት እንቀጥላለን። ካልወደዱት በሩን እዘጋለሁ። ፊታቸው ቆመህ የምትተኩሰው አንተ ነህ። አገር የሚያውቅህ በኛ ሽጉጥ ስታማርር ነው፤ አንተ ካመንክበት ማንም ያምናል። እጅህ እንዲለምደው አንድ ሳምንት ውሰደው። አንድ ነገር ብቻ አደራ! ካቻቢቴ እንዳታስጠጋው።»

ይኸውላችሁ፣ የአገሬው እንጀራ በማን እጅ ወደቀ? ሞላ አይቶ ማለፍ በማይችል ሰው እጅ!

ሐቁን አልክድበትም። ያንኑ ቀን ካቻቢቴዎቹን ሁሉ በካልሲ ጠቅልሎ እኔ ቤት አመጣ።

«ቨርዲ፣ ደብቂልኝ። ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

በማግስቱ መጣ። «ያቺን ቀይዋን ብቻ ስጪኝ፤ የኩሽናዬ በር ማጠፊያ ላልቷል።»

«ውጣልኝ!»

«በሩ ይወድቃል እኮ፣ አንቺ ሴት!»

«ይውደቅ።»

በሚቀጥለውም ቀን መጣ፤ ያው ማጠፊያ። ከዚያ መምጣት ተወ። ያ ነው ያስፈራኝ። የሚለምን ሰው ተስፋ አለው፤ ዝም ያለ ግን መላ አግኝቷል ማለት ነው።

ቀኑ ደረሰ። ከፋብሪካው ጀርባ፣ አፈር በተቆለለበት ሜዳ ላይ ስድስት የብረት ሳህን ለዒላማ ተደረደረ። ነጋዴዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል፤ አንዱ ባለ ውድ ቡትስ «ርካሽ ያው ርካሽ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ግሌና ከሠራተኞቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ጥፍሯን ትነክሳለች። እኔ ከዛፉ ሥር ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ ለሽያጭ ዘርግቼ ነበር፤ ሆባርት ቦሎቄ ሊገዛ መጣና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ቨርዲ፣ ልንገርሽ እንዴ? ኦክሊ ትናንት ከኔ ካቻቢቴ ገዛ።»

ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። «አንተ ሰውዬ! ለምን ትሸጥለታለህ?»

«ያለኝ ሱቅ ነው እኮ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም!»

ሮጬ ለሎሪን ልነግራት ስነሳ ኦክሊ መስመሩ ላይ ቆሟል። የቀብር ሱሪውን ለብሷል። ከፍቶ ለሎሪን አሳያት፤ አየች፤ እሱም አየ። ስድስቱን አጎረሰ። እኔ ያንን እባብ አሰብኩ።

ሳበ።

ጮኸ! ሳህኑ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ሁለተኛው ወደቀ፣ ሦስተኛው ወደቀ። ባለ ቡትሱ እጁን ፈታ። አራተኛው። አምስተኛው። ከዚያ ኦክሊ ቆመ። ሽጉጡን ዝቅ አደረገና ያየው ጀመር። ሎሪን ፊቷ ነጣ። ሁላችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው፤ ከሸፈ። ግሌና ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ መልሶ አደረገው፣ ቀስ ብሎ እጁን አነሳ።

ስድስተኛው ሳህን ሲወድቅ የሰማሁትን ጩኸት ያች ሸለቆ የከሰሉ ባቡር መጀመሪያ የገባ ቀን እንኳ የሰማችው አይመስለኝም። ባርኔጣ ወደ ላይ ተወረወረ። ነጋዴዎቹ ሎሪንን ከበቧት፤ ባለ ቡትሱ በክርኑ እየገፋ ፊት ወጣ። «ይፈቀድልኛል?» እያሉ ተራ በተራ ሳቡት። አንዱ ሽማግሌ ነጋዴ ዓይኑን ጨፍኖ ሲስብ ጊዜ ኦክሊ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አብሮት አዳመጠ። ሁለቱም ምንም አልተናገሩም። በኛ አገር ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

እኔ ግን እየሮጥኩ ደረስኩበት። «ካቻቢቴውስ? ምን አደረግክበት?»

«የኩሽናዬ በር ማጠፊያ ላልቷል አላልኩሽም እንዴ? ስንቴ ልለምንሽ!»

ሎሪን ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ አንገቱን አቅፋ ሳመችው። ያች ቁጥብ ሴት! «ሐሙስ ፉጨቱ ይነፋል!» ብላ ወደ ሠራተኞቹ ጮኸች። ግሌና እየሮጠች መጥታ ቦሎቄዬን ለሰው ሁሉ በነጻ ማደል ጀመረች፤ እኔም አልከለከልኳት።

ማታ በኦክሊ ፒካፕ አብረን ተመለስን። ሎሪን መጀመሪያ የተሠራውን ሽጉጥ ለእሱ ሰጥታው መሀላችን መቀመጫው ላይ ተቀምጧል። ሰውየው ዝም አለ። ድልድዩን አለፍን፤ ዝም። የሆባርትን ሱቅ አለፍን፤ ቀና ብሎም አላየው።

«ስድስተኛው ላይ ለምን ቆምክ?» አልኩት።

«እንዳያልቅብኝ ብዬ» አለ።

ድል ያደረገ ሰው እንዲህ ትከሻው ሲወድቅ አይቼ አላውቅም። የሚመኘው ሁሉ ተሰጠው፤ እንግዲህ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ምን ሊል ነው? እኔስ አጥሩ ማዶ ዝም ያለ ኦክሊ ይዤ ምን ልሆን ነው? ኤስቲል ከሄደ ወዲህ ጠዋት የሚያነቃኝ የዚህ ሰው ምሬት ነበር።

ሽጉጡን አነሳሁት። ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። እሱም በዓይኑ አረጋገጠ። በመዳፌ ጨበጥኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጀታው ለእጄ ልክክ ያለ ነበር።

«ወፈረብኝ» አልኩ።

«ምን?»

«እጀታው። ለሴት እጅ ወፍሯል። ጥሩ ነው፤ ትንሽ ቢያስተካክሉት ግን...»

ኦክሊ ፍሬኑን ረገጠ። መሀል መንገድ ላይ ቆመን ትክ ብሎ እጄን አየው።

«አውራ ጣትሽ የት ላይ ነው የሚያርፈው? አሳዪኝ እስቲ። አየሽ! አየሽ! እኔ ይሄን ነግሬያቸው ነበር፤ ማን ይሰማል? ከኋላው አንድ ፀጉር ያህል ቢሞርዱት እኮ...»

ቤቴ ደጃፍ ስንደርስም አላበቃም። ሞተሩን አጠፋና ወደኔ ዞሮ ቀጠለ። እኔም ጫማዬን አወለቅሁና ተደላድዬ ተቀመጥኩ።